ስለ ሠራተኛ ደመወዝና ስለ አድማ ፍሬ

ክርስቲያን የሆነ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋራ ተስማምቶ ሥራውን ቢያቆም ይገባዋልን? ወይስ አይገባውም? ይህ ጥያቄ በዛሬው ዘመን በፋብሪካ፥ በትምህርት ቤት፥ በሐኪም ቤት፥ በመርከብና በአይሮፕላን ሥራ ላሉ ምእመናን ሁሉ የሚነሣ ነው። ብዙዎችም ፈጥነው ይመልሱታል። አንዱ፥ አሠሪውን የተቃወመ ሰው የእግዚአብሔርን ሥርዓት አፈረሰ ብሎ ይፈርዳል፤ ሌላው ደግሞ፥ የተበደለ ሰው ስለ መብቱ የሚያደርገው ሁሉ ጽድቅ ነው ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ስለ መለሱ፥ ሁለቱም ከእውነት ጎደሉ።

በቋንቋችን አድማ የሚለው ቃል መልካም ስም የለውም። አባቶቻችን አድማ ሲሉ በስውር መማከርን፥ በሰው ላይ ዶልቶ መነሣትን ያስቡ ነበርና፥ አድመኛ መባል እንደ ስድብ ይቈጠር ነበር። ነገር ግን ጥያቄውን በግልጥ ያቀረበ፥ ሕጉ ያዘዘውን ጊዜ የጠበቀ፥ ቀኑን አስቀድሞ ያስታወቀ ሰው በስውር ዶለተ አይባልም። እንግዲህ ስሙን ትተን ነገሩን እንመርምር። ነገሩም በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር፥ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ አንድ ታሪክ እናንሣ። አድማ የተደረገበት ቀን ለማየት ቀላል ነው፤ ፍሬው ግን የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ ሃያ ዓመት ያለፈውን ነገር መመልከት ይጠቅመናል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ ታሪክ

በአሜሪካ አገር፥ የኦሃዮና የኬንታኪ ግዛቶች በሚዋሰኑበት በሲንሲናቲ ከተማ፥ ኮምኤር የሚባል የአየር መንገድ ኩባንያ በ1977 ተቋቋመ። ሥራው በትናንሽ አይሮፕላኖች መንገደኞችን ከትናንሽ ከተሞች ወደ ትልቁ ማረፊያ ማምጣት ነበር፤ ከዚያም ዴልታ የሚባለው ታላቅ ኩባንያ በትልልቅ አይሮፕላኖች ወደ ሩቅ አገር ይወስዳቸው ነበር። ከ1984 ጀምሮ ኮምኤር በዴልታ ስም ይበርር ነበር። በ1993 ደግሞ 50 ሰው የሚይዘውን አዲሱን ትንሽ ጄት ከሌሎቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ቀድሞ ሥራ ላይ አዋለ፤ በዚህም ብዙ አተረፈ። በ2000 መጀመሪያ ዴልታ ኮምኤርን ጠቅልሎ ገዛው።

ኩባንያው እንዲህ ሲያድግ የነጂዎቹ ኑሮ በዚያው ልክ አላደገም። ጀማሪው ነጂ በዓመት 20,000 ዶላር የማይሞላ ደመወዝ ይቀበል ነበር። ይህ ሰው የነጂነቱን ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ ተበድሮ የተማረ ነው፤ 50 ነፍስ በእጁ ተሰጥቶት በዝናብና በበረዶ መካከል ያልፋል። መንገደኛው አንድ ቲኬት ገዝቶ፥ በአንድ ስም በተጻፈበት አይሮፕላን ሁለት ጊዜ ሲጓዝ፥ በፊተኛው የነዳው ሰው ከኋለኛው እጅግ ያነሰ ደመወዝ እንደሚቀበል አያውቅም ነበር። ሰማዩ አንድ፥ ደመናው አንድ፥ የሕይወቱም አደራ አንድ ነበር፤ ዋጋው ግን የተለያየ ነበር።

በዚያ አገር ሕግ የአየር መንገድ ሠራተኛ ማታ ተቈጥቶ ጧት ሥራ ማቆም አይችልም። በ1926 ለምድር ባቡር ሠራተኞች የወጣው ሕግ በ1936 ወደ አየር መንገድም ስለ ተዘረጋ፥ ሁለቱ ወገኖች በመንግሥት አስታራቂ ፊት ይነጋገራሉ፤ አስታራቂው ተስፋ ቈርጦ ሲያሰናብታቸውም 30 ቀን ይጠብቃሉ። የኮምኤር ነጂዎችም ሦስት ዓመት ያህል ከተነጋገሩ በኋላ፥ የተሻለ ደመወዝ፥ የዕረፍት ጊዜና የጡረታ ገንዘብ ጠይቀው ስላልተስማሙ፥ በማርች 26 ቀን 2001 ሥራቸውን አቆሙ። ቍጥራቸው 1,350 ያህል ነበር። በቀን ከ800 የሚበልጠው በረራ ሁሉ ቆመ። ይህ እስከ ጁን 22 ቀን፥ ማለት 89 ቀን፥ ቈየ። በመካከል የቀረበላቸውን የዕርቅ ሐሳብ አንድ ጊዜ ሳይቀበሉ ቀሩ፤ ኋላ ግን አዲስ ውል ተፈረመ፤ ደመወዛቸውም ተሻሻለ። በዚያ ቀን የተመለከተ ሰው ነጂዎቹ አሸነፉ ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው

ይሁን እንጂ ዘሪው ያልዘራው ዝናብና ነፋስ ደግሞ በእርሻው ላይ ይመጣል። ገና አድማው ሳያልቅ ኩባንያው 17 አይሮፕላኖችን ከሥራ እንደሚያወጣና 200 ያህል የነጂ ሥራ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በመሬት ላይ የሚያገለግሉ፥ ዕቃ የሚጭኑ፥ ቲኬት የሚቈርጡ ብዙ ሰዎችም፥ የሚበርር አይሮፕላን ስላልነበረ፥ ከሥራቸው እንዲቀሩ ሆነ። እነዚህ በአድማው ላይ ድምፅ አልሰጡም፤ ከውሉም ምንም አላገኙም።

ሥራው ከተጀመረ ሦስት ወር ሳይሞላ በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒውዮርክና በዋሽንግተን የሽብር ጥቃት ደረሰ፤ በአሜሪካ የአየር ጉዞ ሁሉ ታወከ፤ ታላላቆቹ ኩባንያዎች በዕዳ ተጨነቁ። ዴልታም ትንንሽ በረራዎቹን ለብዙ ኩባንያዎች ማካፈልን አበዛ። በ2005 ዴልታና ኮምኤር ዕዳቸውን መክፈል ተስኗቸው በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ገቡ። በ2006 መጨረሻ ዳኛው ኮምኤር የነጂዎቹን ውል እንዲተው ፈቀደለት፤ ነጂዎቹም በ89 ቀን ካገኙት የሚቀንስ ስምምነት ለመቀበል ግድ ሆነባቸው። በ2008 የነዳጅ ዋጋ በበርሜል ከ140 ዶላር በላይ ሲወጣ፥ 50 ሰው ብቻ የሚይዘው ትንሽ ጄት ለአንድ መንገደኛ የሚያስወጣው ነዳጅ ስለ በዛ፥ ትናንት ትርፍ ያመጣው አይሮፕላን ዛሬ ሸክም ሆነ። በዚያው ዓመት ዴልታ ከኖርዝዌስት ኩባንያ ጋራ ተዋሐደ፤ ኖርዝዌስትም ለሲንሲናቲ ቅርብ በሆነችው በዲትሮይት ታላቅ ማረፊያ ስለ ነበረው፥ የሲንሲናቲ ሥራ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄደ።

በመጨረሻም ዴልታ በጁላይ 2012 ኮምኤር እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በሴፕቴምበር 29 ቀን 2012 የመጨረሻው በረራ ሆነ። በዚያ ጊዜ የቀሩት ሠራተኞች 1,700 ያህል ነበሩ። አይሮፕላኖቹ ማርጀታቸውና የኩባንያው ወጪ ከእኩዮቹ መብለጡ እንደ ምክንያት ተነገረ። በ2005 ከ22 ሚሊዮን በላይ መንገደኞች ያለፉበት የሲንሲናቲ ማረፊያ በ2013 ከ6 ሚሊዮን በታች አስተናገደ።

በዚህ ሙያ ደግሞ አንድ ከባድ ልማድ አለ። የነጂው ማዕረግና ደመወዝ በዚያው ኩባንያ ባገለገለበት ዘመን ይቈጠራል፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲሄድ ግን ያ ቍጥር አይከተለውም። ስለዚህ ሃያ ዓመት ያገለገለ አዛዥ፥ ኩባንያው ሲዘጋበት፥ ሌላ ዘንድ ሄዶ በመጨረሻው ሰልፍ ይቆማል፤ በልጁ ዕድሜ ካለ ሰው በታች ይሆናል። ጠጕሩ ሸብቶ እንደ ገና ጀማሪ መባል ምን ያህል እንደሚከብድ፥ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ፍርዱን እንዴት እንፍረድ?

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ፈራጆች ይነሣሉ። ፊተኛው፥ «እነሆ፥ አድማ አደረጉ፥ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላም ኩባንያቸው ጠፋ፤ ስለዚህ አድማው ኀጢአት ነበረ» ይላል። ይህ የኢዮብ ወዳጆች ስሕተት ነው። እነርሱ በአመድ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይተው፥ መከራው የበደሉ ምስክር ነው ብለው ፈረዱበት፤ እግዚአብሔር ግን ነገራቸውን ነቀፈ። መጨረሻን አይቶ መጀመሪያን መኰነን የሰነፍ ዳኛ ፍርድ ነው። ደግሞም እናስተውል፤ ፒናክል የሚባለው ኩባንያ ነጂዎቹ እንዲህ ያለ አድማ ሳያደርጉ በዚያው በ2012 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ገባ። የነዳጁ ዋጋ፥ የጄቱ ትንሽነት፥ የኩባንያዎቹ መዋሐድ፥ የሴፕቴምበር ጥፋት የነጂዎቹ ሥራ አልነበረም። ሁሉን በእነርሱ ላይ መጫን ሐሰት ነው።

ሁለተኛው ፈራጅ ደግሞ፥ «ጥያቄያቸው እውነተኛ ነበርና ከዚያ በኋላ የሆነው አይመለከታቸውም» ይላል። ይህም ሐሰት ነው። ወጪው የበዛ ኩባንያ ሥራ ሲቀነስ አስቀድሞ እንደሚታሰብ፥ አንድ ጊዜ ሁሉ የቆመበት ባለቤት ደግሞ ሥራውን በብዙ እጅ ለመከፋፈል እንደሚፈልግ፥ ማንም አስተዋይ ሰው ሊያየው ይችል ነበር። ጌታችን ስለ ግንብ ሠሪውና ስለ ንጉሡ በምሳሌ ሲያስተምር፥ መሠረት ከመጣልና ጦር ከማስነሣት በፊት ተቀምጦ ወጪን መቍጠር እንደሚገባ አሳይቶናል። የነገሩ ጽድቅ ከመቍጠር አያድንም። እንዲያውም ለጽድቅ የሚነሣ ሰው ከሌላው ይልቅ መቍጠር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ማን አሸነፈ ወይም ማን ተሸነፈ አይደለም። ጥያቄው፥ ዋጋውን ማን ከፈለ? የሚል ነው።

የተከለከለ ደመወዝ አይጠፋም

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ፥ ከአጫጆች የተቀማ ደመወዝ ዝም ብሎ እንደማይቀር፥ ጩኸቱም ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ ያስተምራል። ብዙ ሰው ይህን ስለ መጨረሻው ፍርድ ብቻ የተነገረ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚህ ዓለምም የተከለከለ ደመወዝ እንደማይጠፋ ማስተዋል ይቻላል። ባለጠጋው በሣጥኑ ያስቀረው ይመስለዋል፤ ሆኖም ያ ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ ይዞራል፤ በመጨረሻም አንድ ሰው ይከፍለዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚከፍለው ያልተበደረው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አሳዛኝ ነገር አለ። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ኮልጋን የሚባል ሌላ ትንሽ ኩባንያ አይሮፕላን በኒውዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ አጠገብ በአንድ ቤት ላይ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በቤቱ ውስጥ የነበረ 1 ሰው ሞቱ። የመንግሥት መርማሪዎች የአደጋው ምክንያት አይሮፕላኑ ፍጥነቱን ማጣቱን ማስጠንቀቂያው በነገረ ጊዜ አዛዡ ያደረገው የተሳሳተ ነገር ነው ብለው ወሰኑ። ነገር ግን በምርመራው ጊዜ ሌላም ነገር ወጣ። ሁለቱ ነጂዎች ደክሟቸው እንደ ነበረ የሚያሳይ ምልክት ተገኘ፤ ረዳቷ ሴት ነጂ በሌሊት ከአገሩ ምዕራብ ዳርቻ ተነሥታ ወደ ሥራዋ እንደ መጣች፥ ደመወዟም አነስተኛ እንደ ነበረ ለሕዝብ ተገለጠ። ድካሙ አደጋውን ምን ያህል እንደ ረዳ መርማሪዎቹ በልክ ሊወስኑ አልቻሉም፤ እኛም ከእነርሱ አልፈን አንፈርድም። ነገር ግን በሥራው ከተማ ለመኖር የማይበቃ ደመወዝ የሚቀበል ሰው አልጋውን ከሩቅ ያነጥፋል፤ ከሩቅ የሚመጣም ሰው ደክሞ ይመጣል። የዕረፍት ጊዜና የደመወዝ ጥያቄ የሆድ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንማር።

ከዚህ በኋላ በ2010 አዲስ ሕግ ወጣ፤ በ2013ም ረዳት ነጂ እንኳ ሳይቀር ብዙውን ጊዜ 1,500 ሰዓት የበረረ እንዲሆን ታዘዘ። ደመወዙ ትንሽ፥ የመማሪያው ወጪ ብዙ፥ መንገዱም ረጅም ስለ ሆነ፥ ወደ ሥራው የሚገቡ ወጣቶች ጥቂት ሆኑ። በ2022 ነጂ በጠፋ ጊዜ የአሜሪካን ኤርላይንስ ቅርንጫፎች የሆኑ ሦስት ትንንሽ ኩባንያዎች ለጀማሪው በአንድ የበረራ ሰዓት 90 ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማሙ። በዚያው ዓመት ስካይዌስት የሚባለው ኩባንያ ነጂ ስላነሰው፥ መንግሥት ገንዘብ እየረዳ ወደ 29 ትናንሽ ከተሞች ያስበርረው የነበረውን ሥራ ለመተው እንደሚፈልግ አስታወቀ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። በ2001 በልመናና በክርክር የተጠየቀውን፥ ከሃያ ዓመት በኋላ እጥረት በግድ ሰጠው። ፍርድ በጊዜው ቢሰጠው ኖሮ ዋጋው በመጠን ይሆን ነበር፤ እጥረት ሲሰጠው ግን ከወለዱ ጋራ አስከፈለ። ወለዱንም ከከፈሉት መካከል፥ ማረፊያቸው በረራ የሚያጣባቸውና ለሕክምና ወይም ለንግድ ብዙ ሰዓት በመኪና መሄድ ግድ የሚሆንባቸው የትናንሽ ከተሞች ሰዎች ይገኛሉ። እነርሱ ከማንም ደመወዝ አልከለከሉም ነበር።

ጲላጦስ እጁን እንደ ታጠበ

በዚህ ነገር ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው፥ በደለኛው ሰው በቀላሉ አለመታየቱ ነው። ታላቁ ኩባንያ፥ «እነዚህ የትንሹ ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዛቸው እኔን አይመለከተኝም» ሊል ይችላል። ትንሹ ኩባንያ ደግሞ፥ «ታላቁ ከሚሰጠኝ በላይ ከወዴት አመጣለሁ? ብጨምር ሥራውን ለሌላ ይሰጥብኛል» ይላል። ያም ሌላው ትንሽ ኩባንያ ለሠራተኞቹ፥ «እነ እገሌ ከእናንተ ባነሰ ይሠራሉ» ይላቸዋል። እንዲህ ወንድም በወንድሙ ላይ እንዲወዳደር ይሆናል፤ ሁሉም እውነት የሚመስል ምክንያት አለው፤ ሁሉም እንደ ጲላጦስ እጁን ይታጠባል። ነገር ግን እጁን የታጠበው ጲላጦስ ፍርዱን ከመፈጸም አልዳነም።

ከእነዚህም መካከል እኛ መንገደኞች አለን። ርካሽ ቲኬት ያገኘ ሰው ደስ ይለዋል፤ ደስ መሰኘቱም ኀጢአት አይደለም። ነገር ግን ዋጋው ስለ ምን ወረደ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በገበያ እንቍላል ከሚገባው በታች ሲሸጥ የተሰረቀ እንዳይሆን የምንጠራጠር ሰዎች፥ የሰው ድካም ከሚገባው በታች ሲሸጥ እንደ በረከት እንቀበለዋለን።

ለአሠሪ የሚገባው

እንግዲህ ክርስቲያን አሠሪ ማጕረምረምን በመጀመሪያው ቀን ይስማ። በኢየሩሳሌም በነበረችው በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን፥ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶቻቸው በዕለቱ ምግብ ቸል ስለ ተባሉ ባጕረመረሙ ጊዜ፥ ሐዋርያት አድመኞች ብለው አልገሠጹአቸውም። ሕዝቡን ሰብስበው፥ ነገሩ እውነት መሆኑን አይተው፥ ሰባት የታመኑ ሰዎች አስመርጠው ሾሙ። ማጕረምረሙ መለያየት ሳይሆን ቀረ፤ ቃሉም በዛ። ነህምያም የድሆች ጩኸት በደረሰው ጊዜ አዘነ፥ ተቈጣ፥ ከልቡም ጋራ ተማከረ፤ ከዚያም ሹማምቱን በጉባኤ ፊት ወቀሰ፤ እርሱ ራሱም ለገዥ የሚገባውን ቀለብ ሳይበላ ቀረ። ከዚህ የምንማረው፥ ከሠራተኛው መታገሥን የሚፈልግ ሹም አስቀድሞ ከራሱ ማዕድ መቀነስ እንደሚገባው ነው። ሦስት ዓመት ያልተሰማ ጥያቄ በ89 ቀን ቢጮኽ፥ የጩኸቱ በደል በጮኸው ላይ ብቻ አይቈጠርም።

ደግሞም አሠሪ፥ ሕጉ አላስገደደኝም ብሎ አያምልጥ። የወይኑ ቦታ ጌታ በምሳሌው በአሥራ አንደኛው ሰዓት ለመጣው ሠራተኛ የቀን ሙሉ ዋጋ የሰጠው፥ ውል ስላስገደደው አልነበረም፤ ሰውዬው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚበላው እንዲያገኝ ቸርነቱ ስላሳሰበው ነው ብንል ከምሳሌው መንፈስ አንርቅም።

ለሠራተኛ የሚገባው

ክርስቲያን ሠራተኛ ደግሞ ሥራ ለማቆም ከመስማማቱ በፊት በእግዚአብሔር ፊት ራሱን ይመርምር። ጥያቄዬ እውነተኛ ነውን? የመነጋገርን መንገድ ሁሉ ጨርሻለሁን? ከባልንጀራዬ ጋራ የምቆመው ከፍቅር ነው ወይስ ከጥላቻ? እነዚህን ብዙ ሰዎች ይጠይቃሉ። አራተኛውን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ይኸውም፥ እኔ ሥራ ሳቆም እንጀራው የሚቆምበት ሌላ ማን አለ? የሚለው ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ የድሆች ኅብረት ታላቅ ኀይል ነው፤ እግዚአብሔርም አልከለከለውም። ነገር ግን ያው ድር አንበሳውን ሲያስር በአጠገቡ ያለውን በግ እንዳያንቅ መጠንቀቅ ይገባል። አድማ የሚያደርጉ ሰዎች ለራሳቸው የመጠባበቂያ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ ይህ ብልኀት ነው። ከእነርሱ ባነሰ ደመወዝ በአጠገባቸው ለሚሠራው፥ ዕቃ ለሚሸከመውና ወለል ለሚጠርገው፥ ከዚያው ገንዘብ ጥቂት ቢያካፍሉ ግን ያ ክርስትና ነው። ቀኑ ሳይደርስም ወደ እርሱ ሄደው፥ «ወንድማችን ሆይ፥ ይህ ይመጣብሃል፤ በመከራህ እንረዳሃለን» ቢሉት፥ ያ ሰው ተጐጂ ብቻ ሳይሆን ባልንጀራ ይሆናል።

ሁለተኛም፥ ድል ሲገኝ ስላልተወለደው ያስብ። ዛሬ የሚፈረመው ውል ነገ በሚመጣው ወጣት ላይ ይፈጸማል። ለነባሩ ብዙ፥ ለመጪው ጥቂት የሚሰጥ ስምምነት፥ በፍትሕ ስም ቢፈረምም ፍትሕ አይደለም። ሦስተኛም፥ አድማው ሲያልቅ ቂም አብሮ ይለቅ። ሥራ ያላቆመውን ባልንጀራ ዕድሜ ልኩን ሰላም የሚነሣ ሰው፥ ደመወዙን አግኝቶ ወንድሙን አጣ። በአንድ አይሮፕላን ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሚነዱ ሰዎች ደግሞ ይህ ቂም ለሌሎች ነፍስም አደጋ ነው።

ማጠቃለያ

ከሲንሲናቲ ታሪክ፥ አድማ ሁሉ ክፉ ነው የሚል ትምህርት አይወጣም፤ አድማ ሁሉ መልካም ነው የሚልም አይወጣም። የኮምኤር ነጂዎች የጠየቁት የሚገባቸውን ነበር፤ አገኙት፥ ከዚያም አጡት። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን እነርሱ ከለመኑት የበለጠ ተቀበሉ። አንዱ ዘራ፥ ሌላው አጨደ። በመካከል ደግሞ ያልዘሩም ያላጨዱም ብዙዎች ተራቡ። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያል፤ እኛ ግን በከፊል ብቻ ስለምናይ፥ የማናየውን በፍቅር ማሰብ ግዴታችን ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ አሠሪ ብትሆን፥ ዛሬ የከለከልኸውን ነገ የሚከፍለውን ሰው ፊት በልብህ ሣል። ሠራተኛ ብትሆን፥ ዛሬ የምትጠይቀውን ከአንተ ጋራ የሚከፍለውን ሰው ስም ጠይቀህ እወቅ። መንገደኛ ወይም ገዢ ብትሆን፥ በርካሽ ባገኘኸው ነገር ውስጥ የማን ላብ እንዳለ መርምር። እግዚአብሔር ቃየልን የጠየቀው ስለ ወንድሙ ነበር። እኛም በተራችን ስለ ደመወዛችንና ስለ ውላችን ስንጠየቅ፥ ያ ጥያቄ አብሮ እንደሚቀርብልን አንርሳ። የሠራተኛውን ጩኸት የሚሰማ አምላክ፥ እኛም በጊዜው የምንሰማበትን ጆሮ ይስጠን። አሜን።